የእንግሊዝ ገበሬ መንደር የድሮ ፎቶግራፎች፦ ዘመኑን ከዕቃው፣ ስሙን ከሰው

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሳፎክና በኖርፎክ ገጠር፣ ከየቤቱ ቁም ሣጥን የሚወጣው የድሮ ፎቶግራፍ አብዛኛው ጀርባው ባዶ ነው። ስም የለው፣ ዓመት የለው፣ ቦታ የለው። አይተው "ፈረሱን የያዘው አጎቴ ነው፤ ያ ደግሞ ከወፍጮው በላይ ያለው ማሳ ነው" የሚሉት ሰዎች ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የቆየን ሰዎች ከስካነሩ በፊት ሰውን እናስቀድማለን። ደረቅ ሣጥን ውስጥ ያለ ፎቶ ሌላ ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚያነበው ሰው ግን ለመጪው ክረምትም ላይደርስ ይችላል።

ይህን የምጽፈው በእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች ለሚኖሩ፣ ከአካባቢያቸው የታሪክ ማኅበር ጋር መሥራት ለሚፈልጉ ወገኖች ነው። ከገበሬ ቤተሰብ የወጣ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዓይን አለው፤ ነዶ፣ ክምር፣ መንሽና ቃርሚያ ምን እንደሆኑ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ከታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙን አትበትኑት

አልበም ሲመጣላችሁ ፎቶዎቹን እያወጣችሁ መደርደር አትጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ፣ መጠናቸውና የጠርዛቸው አቆራረጥ አንድ የሆነ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ የፊልም ጥቅል የወጡ ናቸው፤ የአንዱ ጊዜ ከታወቀ የሌሎቹም ተገኘ ማለት ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሡት። አንድ በአንድ ማውጣቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት የተሸጡት፣ ገጻቸው ሙጫ የተቀባና ላስቲክ የለበሰ አልበሞች አስቸጋሪ ናቸው። ሙጫው ይደርቅና ፎቶውን አንቆ ይይዘዋል። በጥፍር ወይም በቢላ ከላጣችሁት ከጀርባው ወረቀቱ ይሰነጠቃል። ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከአንዱ ጥግ አስገብታችሁ በዝግታ ወዲያ ወዲህ እየሳባችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ ተዉት፤ ገጹን እንዳለ ስካን ማድረግ ይበቃል። ፍሬም ውስጥ ሆኖ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶም አይላጥም፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራልና። ከነመስታወቱ ይነሣ።

ለባለቤቱ ደረሰኝ ስጡ። የፎቶው ብዛት፣ የሚመለስበት ቀንና ምን እንዲደረግበት እንደተፈቀደ ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ዋናውን ብዙ አታቆዩ። "ወስደው አስቀሩብኝ" የሚል ወሬ በመንደሩ አንዴ ከተነሣ ሌላ ሰው አልበሙን አያወጣም።

መጀመሪያ ጀርባው

ከፊቱ በፊት ጀርባውን እዩ። በመንደር ስብስብ ውስጥ የሚበዛው የፖስት ካርድ መጠን ያለው እውነተኛ ፎቶ ነው፤ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚያነሡ ባለሙያዎች የትምህርት ቤት ልጆችን፣ የአዝመራ ሠራተኞችንና ቀጥቃጩን በደጃፉ አንሥተው ለዚያው ለመንደሩ ሰው ይሸጡ ነበር። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት፣ ግማሹ ለአድራሻ ከሆነ ካርዱ ከ1902 ወዲህ ነው፤ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ይህን የፈቀደው በዚያ ዓመት ነውና። ግማሽ ፔኒ ቴምብር ተለጥፎበት በአገር ውስጥ ከተላከ ከሰኔ 1918 በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው አንድ ፔኒ ሆኗል። ማኅተሙ የሚነግራችሁ ግን የተላከበትን ቀን ብቻ ነው። ካርዱ ሱቅ ውስጥ አምስት ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉት ከዚያ ይቀድማሉ። 6 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑት ትናንሾቹ ካርዶች ከ1860 አካባቢ፣ 11 በ16.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑት ትልልቆቹ ከ1866 ወዲህ የመጡ ናቸው። እነዚህ በከተማ ስቱዲዮ የተነሡ ስለሆኑ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ መንደሩ ብዙም አይነግሩም። መንደርተኛው ራሱን በራሱ ማንሣት የጀመረው ኮዳክ በ1900 ብራውኒ የተባለችውን ርካሽ ካሜራ ካወጣ በኋላ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ፎቶ ካነሰባችሁ አትደነቁ፤ ፊልም ጠፍቶ ነበር፣ ፎቶ ማንሣትም ከ1939 ጀምሮ በሕግ ተገድቦ ነበር።

ዘመኑን ዕቃው ይናገራል

ዓመት ለመገመት አንድ ሕግ ያዙ፤ በፎቶው ውስጥ ካለው ሁሉ ኋላ የመጣውን ዕቃ ፈልጉ። ፎቶው ከዚያ ዕቃ ሊቀድም አይችልም። ጀማሪ የሚሳሳተው የተገላቢጦሹን ሲያደርግ ነው፤ ፈረስ ሲያርስ ያይና "1900" ብሎ ይጽፋል። በሳፎክ ፈረሶች በ1950ዎቹም ያርሱ ነበር። ልብስም እንደዚሁ ነው። አሮጊቶች የወጣትነት ቀሚሳቸውን እስኪያልቅ ይለብሱ ስለነበር ዘመኑን ከወጣቷ ሴት ልብስና ከፀጉሯ አሠራር ፈልጉ።

ትራክተር ካለ ሥራው ቀለለ። ፎርድሰን ወደ እንግሊዝ የገባው በ1917 የምግብ እጥረት በበረታበት ጊዜ ነው፤ ዳገናም በሚገኘው ፋብሪካ መሠራት የጀመረው በ1933 ነው። ትንሿ ግራጫ ፈርጉሰን፣ ቲ.ኢ. 20 የምትባለው፣ በኮቨንትሪ ከ1946 እስከ 1956 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እሷ ጥግ ላይ ግማሽ ጎማዋ እንኳ ከታየ ፎቶው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የመኪና ሰሌዳ ከጥር 1904 ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ ፊደሎቹም አውራጃውን ያመለክታሉ፦ ቢ.ጄ. ምሥራቅ ሳፎክ፣ ሲ.ኤፍ. ምዕራብ ሳፎክ፣ ኤ.ኤች. ኖርፎክ። ሰሌዳውን ለማንበብ ጥሩ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

መንገድ ላይ የሚታየው ነገርም ይናገራል። ቀዩ የስልክ ቤት፣ የመስኮቱ መሐል ሰፊ ጎኖቹ ጠባብ የሆነው፣ ከ1936 ወዲህ የቆመ ነው። የጦርነት መታሰቢያ ሐውልቶች አብዛኞቹ ከ1919 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ተተከሉ፤ ሐውልቱ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ከሆነ ፎቶው ከዚያ በፊት ነው። መንታ መንገድ ላይ የአቅጣጫ ምልክት ከሌለና የዛፎች ግንድ በነጭ ቀለም ከተቀባ ጦርነቱን አስቡ፤ ምልክቶቹ በ1940 የተነቀሉት ጠላት ቢወርድ መንገድ እንዳያገኝ፣ ቀለሙም መብራት በጠፋበት ሌሊት መንገደኛ እንዳይጋጭ ነበር። ኤልም የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች በአጥሩ ላይ ተሰልፈው ከታዩ ፎቶው ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት ነው ማለት ይቻላል፤ በሽታው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ፈጅቷቸዋል። ማሳው ላይ ሹገር ቢት የሚባለው የስኳር ሥር እየተነቀለ ከሆነ ደግሞ ዘመናዊዎቹን ፋብሪካዎች አስታውሱ፦ የኖርፎኩ ካንትሊ በ1912፣ የበሪ ሴንት ኤድመንድስ በ1925 ሥራ ጀመሩ።

ወር ለማወቅ ሥራውን እዩ። ነዶ ቆሞ እርስ በርሱ ከተደጋገፈ ወሩ በአብዛኛው ነሐሴ ነው። አጃ ግን ቤተ ክርስቲያን ሦስት እሑድ እስኪደወል ማሳው ላይ ይቁም ይባል ስለነበር ወደ መስከረም ሊገፋ ይችላል። ስኳር ሥር የሚነቀለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ውቂያ የብርዱ ወራት ሥራ ነው።

ቦታው ሲጠፋባችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ኮምፓስ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሠዊያው በምሥራቅ ነው፤ ማማው ብዙ ጊዜ በምዕራብ ጫፍ ይቆማል። ማማው ከሕንፃው በየትኛው በኩል እንደሆነ ካያችሁ ፎቶ አንሺው ከየት በኩል እንደቆመ ታገኙታላችሁ፤ ጥላው ሰዓቱን በግምት ይነግራችኋል። ጣራ ይለወጣል፣ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ወይም ሸክላ ይወጣበታል። የጭስ ማውጫዎች ቁጥርና አቀማመጥ ግን ብዙ ጊዜ እንደነበረ ይቆያል፤ እነሱን ቁጠሩ።

ከመጻፋችሁ በፊት ፎቶው እንዳልተገለበጠም አረጋግጡ። ኔጋቲቭ ተገልብጦ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። የወንድ ኮት ቁልፍ በሴት አኳኋን ከተቆለፈ ተጠራጠሩ። የተለመደው የእንግሊዝ የፈረስ ማረሻ አፈሩን ወደ ቀኝ ነው የሚገለብጠው፤ ወደ ግራ ሲገለብጥ ካያችሁት ፎቶው የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። አንድ መንገድ ሙሉ በተሳሳተ በኩል እንዲጻፍ የሚያደርገው ይኸው ነው።

የውቂያ ፎቶ ሲነበብ

የመንደር ስብስብ ካለ የውቂያ ፎቶ አለ። የእንፋሎት ሞተሩና የመውቂያው ማሽን ከእርሻ እርሻ እየተጎተቱ ይዞሩ ነበር፤ ሲደርሱ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶ አንሺውም ያን ቀን አያልፈውም። ሰው የቆመበት ቦታ ሥራውን ስለሚነግር ስሙ ባይታወቅ እንኳ መግለጫ መጻፍ ይቻላል።

ሞተሩ አጠገብ፣ ፊቱ ጥላሸት የለበሰው፣ ነጂው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ውጭ የመጣ ስለሆነ አዛውንቶቹ ላያውቁት ይችላሉ። ከሞተሩ እስከ ማሽኑ ረጅም ቀበቶ ተዘርግቷል። ክምሩ ላይ መንሽ የያዙት ነዶውን ወደ ማሽኑ ያቀብላሉ። ማሽኑ አናት ላይ ካሉት አንዱ የነዶውን ማሰሪያ ይቆርጣል፣ ሌላው ነዶውን ዘርግቶ ለማሽኑ ያጎርሳል፤ በጦርነቱ ጊዜ ቆራጮቹ ብዙ ጊዜ የሴቶች የመሬት ሠራዊት ልጃገረዶች ነበሩ። ይህ ድርጅት መጀመሪያ በ1917 ተቋቁሞ በ1919 ፈረሰ፣ በ1939 እንደገና ተቋቁሞ እስከ 1950 ቆየ። አረንጓዴ ሹራብና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡናማ ሱሪ ሁለተኛውን ያመለክታል፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሱሪው ከሹራቡ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ሠራዊት ሴቶች እስከ ጉልበት የሚወርድ ረጅም መደረቢያ ይለብሱ ነበር።

በአንዱ ጫፍ ጭዱ እየወጣ ይከመራል። በተቃራኒው ጫፍ ጆንያዎች ተንጠልጥለው ይሞላሉ፤ እዚያ የሚቆመው ሰው ጉልበተኛ ነው። የስንዴ ጆንያ 18 ስቶን፣ ማለትም 114 ኪሎ ይመዝናል፤ ገብስ 16 ስቶን (102 ኪሎ ገደማ)፣ አጃ 12 ስቶን (76 ኪሎ ገደማ)። ያንን በጀርባ ተሸክሞ የጎተራ ደረጃ መውጣት የዕለት ሥራ ነበር፤ አዛውንቶቹን ስለ ወገባቸው ጠይቋቸውና ወሬው ራሱ ይመጣል። ከማሽኑ ሥር፣ አንገቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አቧራ ውስጥ የሚታየው ደግሞ እብቅ ጠራጊው ነው። ከሁሉ የከፋ ሥራ ስለነበር ለትንሹ ልጅ ይሰጥ ነበር፤ የገብሱ ጭራ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል። ከጉልበት በታች ሱሪያቸውን በሲባጎ ያሰሩት ሰዎች አቧራና አይጥ እንዳይገባ ነው፤ ትናንሾቹ ውሾችና ዱላ የያዙት ልጆችም ለአይጥ ነው የመጡት። በአዝመራ ጊዜ ማሳ ላይ ዱላ የያዙ ልጆች ካያችሁ ግን ጥንቸል እየጠበቁ ነው፤ አጫጁ ማሽን ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ሲያጥብበት ጥንቸሎቹ መጨረሻ ላይ ይወጣሉ።

አዛውንቶቹን መጠየቅ

ፎቶውን በኤ4 ወረቀት አትማችሁ ውሰዱ። ስልክ ላይ አታሳዩ፤ ዓይናቸው ይደክማል፣ ጣታቸው ሲነካው ምስሉ ይሸሻል። በላዩ ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ የራሶቹን ዙሪያ በእርሳስ ቅዱና እያንዳንዱን ቁጥር ስጡት። "ከግራ ወደ ቀኝ" ብቻ ብሎ መጻፍ ሦስት ረድፍ ሰው ያለበት ፎቶ ላይ ያሳስታል።

መጀመሪያ ለብቻ ለብቻ ጠይቁ። አሥር ሰው አዳራሽ ውስጥ ሰብስባችሁ ብታሳዩ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ያለው ይጸናል፣ ሌላው ይስማማለታል። ሌላው ሰው ምን እንዳለም አትንገሯቸው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ስም ከጠሩ "የተረጋገጠ" ብላችሁ ጻፉ፤ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ማን እንዳለው ጭምር ጻፉ። አባትና ልጅ አንድ ስም ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ "የትኛው?" ማለት አይቅር። ለሴቶች ከጋብቻ በፊት የነበረውን የቤተሰብ ስም ጠይቁ፤ በትምህርት ቤት መዝገብ የሚገኙት በሱ ነው።

ዓመት አትጠይቁ። ሰው ዓመትን ይስታል፣ ፈረሱን ግን አይስትም፤ የፈረሶቹን ስም በሙሉ የሚጠሩ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ግን የማያስታውሱ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ በታወቀ ነገር ለኩት፦ ከ1947ቱ ከባድ በረዶ በፊት ነው በኋላ? በ1953 ጥር መጨረሻ ባሕሩ ምሥራቁን ዳርቻ ያጥለቀለቀበት ሌሊት የት ነበሩ? ቤታችሁ መብራት ገብቶ ነበር? "ከጦርነቱ በፊት" ካሉም የትኛው ጦርነት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ሲነግሯችሁ የመጀመሪያውን ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ሥራ ላይ ይሁን። "ሕይወት ከባድ ነበር?" ብትሉ "አዎ፣ ግን ደስተኞች ነበርን" ይባላል፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። "ጠዋት ፈረሶቹን ማን ነበር የሚያበላው? ስንት ሰዓት?" ስትሉ ግን ቀኑ በሙሉ ይወጣል። አንድ አራሽ በሁለት ፈረስ በቀን አንድ ኤከር፣ 0.4 ሄክታር፣ አርሷል ሲሉ የትልሙ ስፋት 9 ኢንች ከሆነ ያ ሰው ማረሻውን ተከትሎ 11 ማይል፣ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ተራምዷል። ይህን ሒሳብ እዚያው ብትነግሯቸው እግራቸውን ስለሚነክሰው ቦት ጫማ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይነግሯችኋል።

ድምፁን በዌቭ ፋይል ቅዱ፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓትና ፍሪጁን አስቡ፤ ጆሮ ይለምዳቸዋል፣ ማይክሮፎን ግን አይለምድም። ከአንድ ሰዓት ተኩል አትለፉ። ስለ ፎቶው ሲያወሩ "ይሄ" ብለው ሲጠቁሙ እናንተ ጮክ ብላችሁ "ቁጥር አራት፣ ባርኔጣ ያደረገው" በሉ፤ አለዚያ ቅጂውን የሚሰማ ሰው ማንን እንደጠቆሙ አያውቅም። ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ ልጅ፣ ራሱን ስላጠፋ ጎረቤት ቢያወሩ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እዚያው መንደር ውስጥ ስላሉ፣ ለሕዝብ ከሚወጣው ክፍል ውጭ ይቆይ።

የተነገረውን ከመዝገብ ጋር አስተያዩ። የሕዝብ ቆጠራው ከ1841 እስከ 1921 ክፍት ነው፤ የ1931ዱ በእሳት ወድሟል። ክፍተቱን የሚሞላው መስከረም 29 ቀን 1939 የተደረገው ምዝገባ ነው። ለእርሻዎቹ ከ1941 እስከ 1943 የተካሄደው ብሔራዊ የእርሻ ጥናት በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ እያንዳንዱ እርሻ ስንት ፈረስ፣ ስንት ትራክተር እንደነበረው ያሳያል።

ስካንና አቀማመጥ

ፖስት ካርድና የተለመደ ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉት ትናንሾቹ በ1200፣ 35 ሚሊ ሜትር ስላይድ ከ3000 እስከ 4000። ጥቁርና ነጭም ቢሆን በቀለም ስካን አድርጉ፤ ቡናማነቱና ነጠብጣቡ ኋላ ለማጽዳት ይረዳል። ስካነሩ በራሱ እንዲያስተካክልና ጠርዝ እንዲቆርጥ አትፍቀዱለት፤ የፎቶ አንሺው ቁጥርና ስም ብዙ ጊዜ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ፋይሉ ቲፍ ይሁን። 6 በ4 ኢንች ፎቶ በ600 ነጥብ ወደ 26 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለማሳየት ከሱ ጄፔግ አውጡ። ሦስት ቅጂ ያዙ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ በፊት በኩል ይወጣል፤ ላስቲክ በተቀባው አዲሱ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ከሥሩ ያለውን ፎቶ ያበላሻል። መያዣው ፖስታ ላይ፣ ፎቶው ከመግባቱ በፊት፣ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። መያዣው ፖሊስተር ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ይሁን፤ ፒ.ቪ.ሲ. ላስቲክ አይሆንም። ጣራ ሥርና ምድር ቤት አታስቀምጡ፤ የድሮ የገጠር ቤት እርጥበት ሻጋታ ያመጣል።

የመስታወት ኔጋቲቭ ካጋጠማችሁ በናይትሪል ጓንት ያዙት፤ የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል። በረጅሙ ጎን ቁሙት እንጂ እላይ በላይ አትደርድሩ። ከ1950ዎቹ በፊት የነበረ ፊልም ከተጣበቀ፣ ቡናማ ዱቄት ከሆነ ወይም ከባድ ሽታ ካመጣ ናይትሬት ሊሆን ይችላል። በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ስካነር ላይ ሳታደርጉት ለአውራጃው ቤተ መዛግብት ደውሉ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሌላ ዓይነት ነው፤ እንደ ናይትሬት በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ግን እየሟሸሸ ስለሆነ ቶሎ ስካን ይደረግ።

አሁን በኮምፒዩተር ቀለም መቀባትና ፊት ማጥራት ተለምዷል። ይህን በጣም እቃወማለሁ። የዳገናሙ ፎርድሰን መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከ1937 ጀምሮ ብርቱካናማ፣ በጦርነቱ ጊዜ አረንጓዴ ነበረ፤ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፣ የመጣለትን ይቀባል። ፊት ሲያጠራም ያልነበረ ዓይንና ጥርስ ይፈጥራል፤ ልጅቷ አያቷን ሳይሆን ሌላ ሴት ታያለች። ቤተሰቡ ከፈለገ ለብቻው ይሠራ፣ "ቀለሙ ግምት ነው" ተብሎ ይጻፍበት፣ ከዋናው ጋር በአንድ ማኅደር አይግባ።

ፎቶውን በእጁ የያዘ ሰው የቅጂ መብቱም የሱ ነው ማለት አይደለም። በብሪታንያ ሕግ መብቱ ፎቶ አንሺው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። በቤተሰብ የተነሣውን ቤተሰቡ ይፈቅዳል፤ የስቱዲዮ ማኅተም ያለበትን ከማተማችሁ በፊት የፎቶ አንሺውን የሞት ዓመት ፈልጉ።

ሥራው ሲጠራቀም ማረፊያ ያስፈልገዋል። የሳፎክ ቤተ መዛግብት በኢፕስዊች በ2020 የተከፈተ ሕንፃ አለው፤ በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የእንግሊዝ ገጠር ሕይወት ሙዚየም ከ1951 ጀምሮ የእርሻ ፎቶዎችን ይሰበስባል። ከማስረከባችሁ በፊት ምን እንደሚቀበሉና በምን መልክ እንደሚፈልጉት ጠይቁ። የድምፅ ፋይሉን ቁጥርና የፎቶውን ቁጥር ጎን ለጎን የያዘ ዝርዝር አያይዙ፤ እሱ ከሌለ ድምፁ በአንድ መደርደሪያ፣ ፎቶው በሌላ ይቀመጥና "ቁጥር አራት" ማን እንደነበረ የሚያገናኝ ሰው አይገኝም።